የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ «ታዲያ ወደቡ የቱ ጋ ነው?»

በዚህ እትም አራት ደብዳቤ ይዘናል። አራቱም ዞሮ ዞሮ ስለ አንድ ነገር ናቸው፤ በ1940ዎቹና በ50ዎቹ ስለተሣሉ የትናንሽ ወደብ ሥዕሎች። የመጀመሪያዋ ጠያቂያችን ቆጣ ብላ ስለመጣች ሰፊውን ቦታ ለሷ ሰጥተናል። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ። የምኖረው ለንደን ነው። ባለፈው ነሐሴ ከጓደኞቼ ጋር ወደ ኮርንዋል፣ ወደ እንግሊዝ ደቡብ ምዕራብ ጫፍ፣ ወርደን ፖርትሌቨን የምትባል ትንሽ የዓሣ አጥማጆች ከተማ አደርን። በጣም ነው የወደድኳት። ቤት ገብቼ ስለ ከተማዋ ኢንተርኔት ላይ ስፈልግ ፒተር ላንየን የሚባል ሠዓሊ በ1951 «ፖርትሌቨን» ብሎ የሣላትን አገኘሁ። ልደብቃችሁ አልችልም፣ ተናደድኩ። ወደብ የለም። ጀልባ የለም። አረንጓዴና ግራጫ ቀለም ተለቅልቆበታል፣ በቃ። ስልኬ ላይ ያለው ፎቶ መቶ እጥፍ ይሻላል። ታዲያ ወደቡ የቱ ጋ ነው? ለምንስ ነው እንዲህ የተከበረው?

መልስ፦ እህቴ፣ ንዴትሽ ይገባኛል። ግን ወደቡ አለ። እስኪ ላሳይሽ።

መጀመሪያ መጠኑን እናንሣ፤ ስልክ ላይ ያየው ሰው ሁሉ የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። ሥዕሉ ቁመቱ 2 ሜትር ከ44፣ ወርዱ 1 ሜትር ከ22 አካባቢ ነው። እንጨት ሥራ ቤት የገባ ሰው እነዚህን ቁጥሮች በቃሉ ያውቃቸዋል፤ አንድ ሙሉ ኮምፔንሳቶ ማለት ነው። ላንየንም የሣለው ሸራ ላይ ሳይሆን ቦርድ ላይ ነው። ያንን የሚያህል ነገር ግድግዳ ላይ አቁመሽ ፊቱ ብትቆሚ ካንቺ ራስ በላይ ያልፋል፣ ከታችም እስከ እግርሽ ይወርዳል። ቡርሹ የሄደበት፣ ቀለሙ ተፍቆ ሥሩ ያለው ሌላ ቀለም ብቅ ያለበት፣ ሁሉም ይታያል። ያ ሁሉ በአራት ጣት ስፋት የስልክ መስታወት ውስጥ ሲታጨቅ «ቀለም ተለቅልቆበታል» ቢያሰኝ አይፈረድብሽም።

ቀጥሎ አቋሙን ተመልከቺ። የባሕር ሥዕል አብዛኛውን ጊዜ የተጋደመ ነው። ከላይ ሰማይ፣ ከታች ውሃ፣ መሐሉ ላይ አድማስ፣ አንድ ሁለት ጀልባ። ላንየን ቦርዱን አቆመው። ሲያቆመው የተለመደው አድማስ ቦታ አጣ፣ ሰማይና ባሕር ለሁለት መከፋፈላቸው ቀረ። በዚያ ፈንታ ወደቡን ወፍ ከላይ ሆና እንደምታየው አድርጎ መሐሉ ላይ ዘረጋው። ፖርትሌቨን ስትሄጂ አይተሽው ይሆናል፣ ወደቡ አንድ ብቻ አይደለም፤ ከባሕሩ በኩል የውጪኛው አለ፣ ከዚያ በጠባብ በር አልፎ ከተማው መሐል ድረስ የሚገባ የውስጠኛው አለ። ሥዕሉ መሐል ላይ ከላይ ወደ ታች የሚሄደውን ነገር ፈልጊ። እሱ ነው። በዙሪያው ቤቱም፣ የድንጋይ ግንቡም፣ ኮረብታውም በየፊናቸው ተደፍተዋል። አንዱ ከጎን፣ አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከኋላ ይታያል።

ይሄ ደግሞ እጁ እንዳመጣለት የሣለው አይደለም። ላንየን ከተማዋን ከብዙ ቦታ ሆኖ ነደፋት። ከዚያ ሥዕሉን ከመጀመር ይልቅ ከመስታወትና ከመሳሰሉት ነገሮች ትናንሽ ቅርጾችን ሠራ፤ በእጅ አንሥቶ ሊያዞራቸው፣ በአንዱ ውስጥ ሌላውን አሳልፎ ሊያይ። ይህን መንገድ ያገኘው ከናውም ጋቦ ነው። ጋቦ ሩሲያ የተወለደ ቀራጺ ሲሆን ከ1939 እስከ 1946 እዚያው ኮርንዋል ካርቢስ ቤይ ኖሯል። ላንየን ከነዚያ ቅርጾች በኋላ ወደ ቦርዱ ተመልሶ እየቀባ፣ እየፋቀ፣ እንደገና እየቀባ ነው የደረሰበት።

«ምን አደከመው? ያየውን አይሥልም ነበር?» ትዪኝ ይሆናል። አንድ ሰው የአያትሽን ቤት ንገሪኝ ቢልሽ በር ላይ ቆመሽ የሚታየውን ብቻ አትነግሪውም። ጓዳው፣ ከጓሮ ያለው ጌሾ፣ ጠዋት ፀሐይ የሚገባበት መስኮት፣ መደቡ ሥር የደበቅሽው ዕቃ፣ ሁሉም ተደበላልቆ በአንድ ጊዜ ይመጣብሻል። ቤቱን የምታውቂው እንደዚያ ነዋ። ላንየንም ወደቡን የሣለው እንደሚያውቀው ነው። አንቺ ፎቶሽን ያነሣሽው አንድ ቦታ ቆመሽ ነው፣ ጠረጠርኩ እንጂ አላየሁትም፣ ከሰዓት ማማው ማዶ ካለው ግንብ ላይ ይመስለኛል፤ ሁሉም የሚያነሣው ከዚያ ነውና። ቆንጆ ፎቶ ይሆናል። ግን ከዚያ ነጥብ አልተነቃነቀም። ሥዕሉ ግን ዳገቱን ይወጣል፣ ከላይ ያያል፣ ይወርዳል፣ ግንቡን ይዞ እስከ ጫፍ ይሄዳል፣ ይመለሳል።

አሁን ስለ ቦታው ትንሽ ልንገርሽ፣ ምክንያቱም ይህን ሳያውቁ ሥዕሉ ለምን እንዲህ የተጨናነቀ እንደሆነ አይገባም።

ፖርትሌቨን ፊቷን ወደ ደቡብ ምዕራብ ነው ያዞረችው፣ ማለትም የብርዱ ወራት ነፋስ ከአትላንቲክ ወደሚመጣበት አቅጣጫ። ያ ዳርቻ መርከብ የሚበላ ዳርቻ ነው። በታኅሣሥ 1807 መጨረሻ «አንሰን» የምትባል የእንግሊዝ የጦር መርከብ ከከተማዋ አለፍ ብሎ ሎ ባር በሚባለው አሸዋ ላይ ተሰባበረች። ሕዝቡ ዳር ቆሞ እያየ፣ መርከቧ ያን ያህል ቅርብ ሆና፣ ብዙ ሰው ሰጠመ። ይህን ካዩት አንዱ ሄንሪ ትሬንግሮውዝ የሚባል የሄልስተን ሰው ነበር። እጁን አጣጥፎ አልቀረም፤ በኋላ ገመድን በሮኬት ከየብስ ወደ መርከብ የሚወረውር የነፍስ አድን መሣሪያ ሠራ። የፖርትሌቨን ወደብ ሥራም የተጀመረው ከዚያ በኋላ በ1811 ነው፣ ያለቀው በ1825። ዛሬም ማዕበል ሲነሣ የውስጠኛውን ወደብ በር በወፋፍራም ግንዶች ይደፍኑታል። ግንዶቹ በክሬን አንድ ባንድ ይወርዳሉ፣ ጀልባዎቹ ከነሱ ኋላ ይጠለላሉ።

እንግዲህ ወደቧ ይሄ ናት። መዝናኛ ተብላ የተሠራች አይደለችም፣ ሰው ከባሕር ሸሽቶ የሚገባባት ጉድጓድ ናት። አሁን ተመልሰሽ ሥዕሉን እዪው። የተጨናነቀው ለዚህ ነው። ጠባብና ረጅም የሆነው ለዚህ ነው። ነጩና ግራጫው ቀለም ከየአቅጣጫው እየገፋ፣ መሐሉ ላይ ያለው ቅርጽ እንደተጨመቀ ሆኖ የቆመው ለዚህ ነው። ለኔ የሥዕሉ ትልቅነት እዚህ ጋ ነው። በሰላም ቀን የተነሣ ፎቶ የወደቡን መልክ ያሳያል፤ ላንየን ግን ወደቡ ለምን እንደተሠራ አሳየ።

ሌላም ነገር አለ። ላንየን ራሱ ሲናገር በሥዕሉ ውስጥ ሰዎች እንዳገኘ ይገልጻል፤ ሻርፕ የተከናነበች ሴትና አንድ ዓሣ አጥማጅ። አስቦ አላስቀመጣቸውም፣ ሥዕሉ ውስጥ ብቅ ብለው ነው ያያቸው። ወጣ ብሎ የቀረ ባል የምትጠብቅ ሴት በዚያ ዳርቻ በየቤቱ ነበረች። እኔ ይህን ካወቅሁ በኋላ ሥዕሉን ያለ ሴትዮዋ ማየት አልቻልኩም።

ለምን ተከበረ ላልሽው፣ ጊዜውንም ማየት ያስፈልጋል። 1951 ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ካበቃ ስድስት ዓመቱ ነው፣ እንግሊዝ ውስጥ ግን ሥጋ ገና በራሽን ነበር። መንግሥት የሕዝቡን መንፈስ ለማንሣት «የብሪታንያ ፌስቲቫል» የሚባል ትልቅ ዝግጅት አዘጋጀ። የኪነ ጥበብ ምክር ቤቱም 60 ሠዓሊዎችን ጋብዞ ትልልቅ ሥዕል እንዲሠሩ ጠየቀ፤ ዕቃ ጠፍቶ ሠዓሊው ሁሉ በትንሽ በትንሹ በሚሠራበት ዘመን። «ፖርትሌቨን» የተሠራችው ለዚያ ነው። እና ደግሞ አንቺ ብቻ አይደለሽም የተናደድሽው። በዚያው ትርዒት የዊልያም ጊር «የመኸር መልክዓ ምድር» የተባለ ረቂቅ ሥዕል (የሚታወቅ ነገር ተለይቶ የማይታይበት) በሕዝብ ገንዘብ ተገዛ ተብሎ ጋዜጦች ተንጫጭተው ነበር።

ላንየን ራሱ «ረቂቅ ሠዓሊ» ሲሉት ደስ አይለውም ነበር። እኔ የመልክዓ ምድር ሠዓሊ ነኝ ነው የሚለው፣ የድሮዎቹ የእንግሊዝ መልክዓ ምድር ሠዓሊዎች፣ የነኮንስታብልና የነተርነር፣ ወራሽ። መብትም ነበረው። በዚያ ዘመን እዚያው ኮርንዋል ባለችው የሠዓሊዎች ከተማ በሴንት አይቭስ ስማቸው ከተጠራው ሠዓሊዎች አብዛኞቹ ከሌላ ቦታ የመጡ ናቸው፣ እሱ ግን እዚያው በ1918 ተወልዶ ያደገ ነው። በጦርነቱ ጊዜ የአየር ኃይል መካኒክ ሆኖ መካከለኛው ምሥራቅና ጣሊያን ቆየ፣ ከዚያ ወደ አገሩ ተመለሰ። በ1959 ሞተር በሌለው አውሮፕላን መንሳፈፍ ጀመረ፤ ከላይ ሆኖ ዳርቻውን ለማየት። በ1964 በዚያው አውሮፕላን አደጋ ደርሶበት በ46 ዓመቱ ሞተ። የመጨረሻዎቹን የአየር ሥዕሎቹን ብዙ ሰው ይወዳቸዋል፤ ሰፊና ቀለል ያሉ ናቸው። እኔ ግን «ፖርትሌቨን»ን አስበልጣለሁ። እግር የቆመበት መሬት አላት።

ሥዕሏ ቴት የተባለው የብሪታንያ ብሔራዊ የሥዕል ሙዚየም ንብረት ናት። ግን ሁልጊዜ ግድግዳ ላይ አትሰቀልም፣ ቴት ሥዕሎቹን እየቀያየረ ነው የሚያሳየው። ከመሄድሽ በፊት ድረ ገጻቸው ላይ አረጋግጪ። ስትሄጂ ደግሞ መጀመሪያ በጣም ቅርብ ቁሚ፣ ቀጥሎ ወደ ኋላ ራቂ።

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር ነው የምኖረው፣ ሥዕል እየተማርኩ ነው። በኢንተርኔት የማያቸው የእንግሊዝ ወደብ ሥዕሎች ላይ ጀልባዎቹ ጭቃ ላይ ተኝተዋል፣ አንዳንዶቹ ወደ ጎን ዘንበል ብለዋል። የተሰበሩና የተጣሉ ናቸው? እንደዛ ከሆነ ለምን ሁሉም ሠዓሊ የተሰበረ ጀልባ ይሥላል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ደህና ናቸው። ውሃው ነው የሄደው። ጣና ክረምት ሲያልቅ ይሞላል፣ ሰኔ ላይ ይጎድላል፣ ያንን በደንብ ታውቀዋለህ። አትላንቲክ ዳር ያ መሙላትና መጉደል በቀን ሁለት ሁለት ጊዜ ነው። ጨረቃና ፀሐይ ውሃውን እየሳቡ በስድስት ሰዓት ገደማ ውስጥ ይሞላል፣ በሌላ ስድስት ሰዓት ደግሞ ይወርዳል። ሴንት አይቭስ ላይ ጨረቃ ሙሉ ስትሆን ወይም አዲስ ስትወጣ ልዩነቱ ከ5 ሜትር በላይ ይደርሳል። ጠዋት መርከብ የቆመበት ቦታ ላይ ከሰዓት በኋላ ልጆች ኳስ ይጫወታሉ።

ስለዚህ የጀልባዎቹ አሠራር ይህን ያገናዘበ ነው። አንዳንዶቹ ከሥራቸው ሁለት መቅዘፊያ የመሰለ እግር ስላላቸው ቀጥ ብለው ይቆማሉ። የድሮዎቹ የዓሣ ጀልባዎች ደግሞ በጎንና በጎናቸው የእንጨት ድጋፍ ይታሰርላቸው ነበር። ድጋፍ የሌለው ወደ አንድ ጎኑ ጋደም ይላል፣ ውሃው ሲመለስ ይነሣል።

ሠዓሊዎቹ ለምን ይወዱታል? የጀልባ ሆድ የሚታየው ያኔ ብቻ ስለሆነ ነው። ውሃ ላይ ስትሆን ግማሿ ተደብቋል። አሸዋ ላይ ስትተኛ ግን ሙሉ ቅርጿ፣ ያ ከፊት ሹል ብሎ መሐል ላይ የሚነፋው ነገር፣ ይገኛል። ቴሪ ፍሮስትን ፈልገህ እይ። በጦርነቱ ተማርኮ ጀርመን ውስጥ እስረኛ በነበረበት ጊዜ ነው ሥዕል የጀመረው። ከዚያ ሴንት አይቭስ መጣ፣ ቤቱ ለወደቡ ቅርብ ነበር፣ ግንቡ ላይ ይመላለሳል፣ ከላይ ሆኖ የታሰሩትን ጀልባዎች ያያል። በ1950 «በግንቡ ላይ መንገድ» ብሎ የሠራው ረጅምና ቀጭን ሥዕል አለ። በውስጡ ጀልባ ብለህ ጣትህን የምትቀስርበት ነገር የለም። የጀልባ ግማሽ ክብ፣ ገመድ የመሰለ መስመር፣ ቀለም፣ ከዚያ እንደገና ግማሽ ክብ። ግንቡ ላይ ስትራመድ ከሥርህ የሚያልፈው ነው። በዓመቱ ደግሞ «አረንጓዴ፣ ጥቁርና ነጭ እንቅስቃሴ»ን ሠራ፤ እዚያ ጀልባዎቹ ውሃ ላይ ናቸው፣ ይወዛወዛሉ።

አንተ ደግሞ ታንኳ በቅርብህ አለ። ዳር የተጎተተ ታንኳ ተጎንብሰህ ከሥሩ ሣል፣ ከላይም ሆነህ ሣል፣ ከዚያ ሁለቱን አንድ ወረቀት ላይ ለማምጣት ሞክር። የሠራኸውን ላክልን፤ በእውነት ማየት እፈልጋለሁ።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ። ሴንት አይቭስ ስለምትባል ከተማ ስታወሩ ሁልጊዜ «ብርሃኑ ልዩ ነው» ትላላችሁ። እውነት ብርሃን ነው ወይስ የቱሪስት ማስታወቂያ? ያን ሁሉ ሠዓሊ እዚያ ምን ሰበሰበው?

መልስ፦ ብርሃኑ እውነት ነው። ከተማዋ ወደ ባሕር የገባ ምላስ ላይ ስለተሠራች ውሃ በብዙ ጎን ከቧታል፣ አሸዋውም ነጣ ያለ ነው፤ ብርሃን ከታችም ይመጣል። ግን ብርሃን ብቻውን ሠዓሊ አያኖርም። ኪራይ አለ፣ ቦታ አለ፣ መምጫ አለ።

መምጫው ባቡር ነበር፤ በ1877 ሴንት አይቭስ ገባ። ቦታው ከዓሣ ተገኘ። ከተማዋ ሰርዲን በሚባለው ትንሽ ዓሣ ትተዳደር ነበር፣ ዓሣው ሲቀንስ ሰፋፊዎቹ የመረብ ሰገነቶች ባዶ ቀሩ። ሠዓሊዎች ተከራዩዋቸው፣ ጣራቸውን ከፍተው መስኮት አስገቡ። ፖርትሚዮር የሚባሉት ስቱዲዮዎች ዛሬም አሉ፤ ፊታቸው ወደ ሰሜን ስለሆነ ቀጥታ ፀሐይ አይገባባቸውም፣ ሠዓሊ የሚፈልገው ደግሞ ይህንኑ ነው። ከላይ ሠዓሊ፣ ከታች መረቡን የሚያበጅ ዓሣ አጥማጅ። ይህ ጉርብትና ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል።

ከዚያ ጦርነት መጣ። በነሐሴ 1939 ሠዓሊው ቤን ኒኮልሰንና ቀራጺዋ ባለቤቱ ባርባራ ሄፕወርዝ መንታ ሳይሆን ሦስት በአንድ የተወለዱ ልጆቻቸውን ይዘው ለንደንን ለቀው እዚያ ሄዱ። ኒኮልሰን ነጭ በነጭ፣ ክብና አራት ማዕዘን የሚሠራ ሰው ነበር፤ ወደብ ግን እሱንም አሸነፈው። ከ1943 እስከ 45 የሠራት አንዲት ትንሽ ሥዕል አለች። መስኮት ላይ ስኒዎች ተደርድረዋል፣ ከኋላቸው የሴንት አይቭስ ጣራዎችና ወደቡ ይታያሉ። ከፊት በኩል የእንግሊዝ ባንዲራ አለ። ጦርነቱ ሲያልቅ ደስ ብሎት የጨመረው ነው።

ግን ከነዚህ ሁሉ በፊት አልፍሬድ ዋሊስ አለ፣ እና ስለሱ ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ዋሊስ መርከበኛና ዓሣ አጥማጅ የነበረ፣ በኋላም የመርከብ ቁራጭ ብረትና ገመድ የሚነግድ ሰው ነው። ሚስቱ ስትሞትበት፣ ዕድሜው ወደ 70 ሲጠጋ፣ ብቸኝነቱን ለማስረሳት መሣል ጀመረ። የተማረው ነገር የለም። የሚቀባው በጀልባ ቀለም ነው፣ የሚሥለው ከሱቅ በሚሰጡት ካርቶን ላይ ነው፣ ካርቶኑ ጎባጣ ከሆነ ጎባጣ እንደሆነ። በ1928 ኒኮልሰንና ሠዓሊው ክሪስቶፈር ውድ በመንገድ ሲያልፉ በተከፈተ በር ውስጥ በምስማር ተመትተው የተሰቀሉ ሥዕሎቹን አዩ፣ እዚያው ቀጥ አሉ።

ዋሊስ ወደብ ሲሥል ከሌላው የሚያከብረውን ነገር ያገዝፈዋል። የእሱ ጀልባ ከቤት ይበልጣል። የመብራት ማማው ከኮረብታው ይበልጣል። ይሄ ለኛ እንግዳ አይደለም፤ የቤተ ክርስቲያን ሥዕሎቻችን ላይ እመቤታችን ከከተማው ሁሉ ትበልጣለች፣ የሚበልጠው የሚከበረው ነው። አንድ የጎንደር ሠዓሊ የዋሊስን ወደብ ቢያይ ማስረዳት አያስፈልገውም ነበር ብዬ ነው የማምነው። ላንየንም ሆነ ኒኮልሰን ከዚህ ሽማግሌ የተማሩት ቀላል አይደለም፤ ወደብን ከአንድ ቦታ ቆሞ ሳይሆን ሲገቡበትና ሲወጡበት እንደኖሩት መሣልን።

ዋሊስ በ1942 የድሆች መጠለያ ውስጥ ሞተ። መቃብሩን ሸክላ ሠሪው በርናርድ ሊች በሸክላ ሰሌዳዎች ሸፈነለት፤ ግዙፍ የመብራት ማማ፣ ሥሩ ላይ በሩን የሚገባ አንድ ትንሽ ሽማግሌ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። በጡረታ ላይ ያለሁ አባት ነኝ፣ ሊድስ ነው የምኖረው። ሰፈሬ ካለ ቻሪቲ ሾፕ (ያገለገለ ዕቃ ለበጎ አድራጎት ከሚሸጥበት ሱቅ) አንዲት የወደብ ሥዕል ገዛሁ። ጥግ ላይ የማይነበብ ፊርማና «58» የሚል አለባት። ልጆቼ ፖስተር ነው ይሉኛል፣ እኔ የዘይት ቀለም ነው እላለሁ። ደግሞ ቆሽሻለች፤ አንድ ወዳጄ በተቆረጠ ድንች ጥረጋት አለኝ። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ ጋሼ፣ ድንቹን ይተዉት። ዳቦም፣ ሽንኩርትም፣ ሳሙናም፣ እርጥብ ጨርቅም አይንካት። ድንቹ ስታርችና እርጥበት ይተዋል፣ ቆይቶ ሻጋታ ይጠራል፣ ከቆሻሻው ጋርም ቀለም ሊያነሣ ይችላል። ለጊዜው ለስላሳ ደረቅ ቡርሽ ይበቃል፤ ያውም ቀለሙ የተሰነጣጠቀ ወይም የተላጠ ከሌለ ብቻ።

ፖስተር መሆኗን ለማወቅ አጉሊ መነጽር ያግኙ። ሰማዩ ላይ ይመልከቱ። በሥርዓት የተደረደሩ ጥቃቅን ባለ ቀለም ነጠብጣቦች ካዩ የታተመች ናት፣ ልጆችዎ ልክ ናቸው። ነጠብጣብ ከሌለ ክፍሉን አጨልመው የእጅ ባትሪ ከጎን ያብሩባት። የዘይት ቀለም ጥላ ይጥላል፣ ቡርሹ የሄደበት መስመር ጎበጥ ጎበጥ ብሎ ይታያል። እዚህ ላይ ግን አንድ ማታለያ አለ። በዚያ ዘመን የታተመ ሥዕል ላይ ብርሃን የሚያሳልፍ ቫርኒሽ በቡርሽ ቀብተው ሥዕል የሚያስመስሉ ነበሩ። መለያው ይሄ ነው፦ የቡርሹ መስመር ከሥዕሉ ጋር ይሄዳል ወይ? ጀልባዋ ጋ ሲደርስ ጀልባዋን ተከትሎ ይዞራል ወይስ ምንም እንዳላየ ሰማዩንም ጀልባውንም አንድ ላይ ያቋርጣል? ካቋረጠ፣ ኋላ ላይ የተቀባ ቫርኒሽ ነው።

ከዚያ ገልብጧት። የሥዕል ታሪክ ያለው ጀርባው ላይ ነው። የጋለሪ ወይም የፍሬም ሠሪ ወረቀት፣ በእርሳስ የተጻፈ ስም፣ የኤግዚቢሽን ቁጥር፣ የዛገ ምስማር። ካለ አይላጡት፣ አያጽዱት፣ ፍሬሙንም አይቀይሩ። ፎቶ ብቻ ያንሡ።

ስለ ዋጋው ተስፋ አልሰጥዎትም። በ50ዎቹ ኮርንዋልና ሌሎች የባሕር ከተሞች ለእረፍት ለሚመጣ ሰው ወደብ እየሣሉ የሚሸጡ እጅግ ብዙ ሠዓሊዎች ነበሩ፣ አብዛኛው ሥራቸውም በትንሽ ገንዘብ ይሸጣል። ነገር ግን የጨረታ ቤቶች ፎቶ በኢሜይል ተቀብለው በነጻ ግምት የሚሰጡበት ጊዜ አለ፤ ሁለት የተለያዩ ቤቶችን ይጠይቁ፣ የመጀመሪያው በነገረዎት ዋጋ ወዲያው አይሽጡ።

እስከዚያው ከመስኮት ፀሐይ፣ ከራዲያተር በላይ ካለ ግድግዳ፣ ከምጣድ እንፋሎትና ከዕጣን ጭስ ያርቋት። ሳሎን ውስጥ ቡና የሚፈላበት ማዕዘን ጋ ከሆነ የሰቀሏት፣ ዛሬውኑ ወደ ሌላው ግድግዳ ያዙሯት። የፊርማውንና የጀርባውን ፎቶ በቀን ብርሃን፣ ያለ ፍላሽ፣ አንሥተው ይላኩልን፤ በሚቀጥለው እትም አብረን እናየዋለን።